በማርያም ቀን የጠመድኋቸው በሬዎች

«ጠመደ» ስለሚባለው ቃል የማላውቀው ነገር የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ኩራቱ ካለፈ ቆይቷል። ግእዙ «ጸመደ» ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አሰረ፣ አጣመረ ማለት ነው። ከዘመን ብዛት ጸ ወደ ጠ ዞረና ቃሉ ከደብር ወደ ማሳ ወረደ። ሁለት በሬ «ጥማድ» ይባላል። ጥማዱ በአንድ ቀን አርሶ የሚጨርሰው መሬትም «ጥማድ» ይባላል። ለቆቅ የሚዘረጋው «ወጥመድ» ከዚሁ ቤት ነው። አለቃችሁ ዓይናችሁን ማየት ሲጠላ «ጠመደኝ» ትላላችሁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይጠፋውን መነኩሴ ደግሞ «ጽሙድ» ይሉታል። እንግዲህ በሬውም፣ ቆቁም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ መነኩሴውም የአንድ ቃል ዘመዶች ናቸው።

ይህን ሁሉ የማውቀው ሰውዬ በሬ ጠምጄ አላውቅም ነበር። የወልድያ ልጅ ነኝ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ በቤታችን የሚጠመድ ነገር ቢኖር ለአይጥ ብቻ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። መርሳ አስተምር ነበር። ድርቁ ባለፈበት ክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ለመሠረተ ትምህርት ግራና ከምትባል ከተማ አጠገብ ወዳለ መንደር ተመደብሁ። ጠዋት ጠዋት ከኔ በዕድሜ እጥፍ የሚሆኑ ሰዎችን ዛፍ ሥር አስቀምጬ ፊደል አስቆጥራለሁ፤ ሲሳካላቸው «ጎበዝ» እላለሁ፤ ሳይሳካላቸው ሲቀር ደግሞ፣ ምን ላድርግ፣ ያው «ጎበዝ» እላለሁ። በዚህ ላይ የዘመቻው ኃላፊ አንድ ሥራ ጨመረልን። እያንዳንዱ መምህር አንድ የገበሬ ቃል ከነትርጉሙና ከነምንጩ አጥንቶ በክረምቱ መጨረሻ ወልድያ ስብሰባ ላይ እንዲያነብ ተባለ። አንዱ ጓደኛዬ «ጎተራ»ን መረጠ። ድርቅ በወጣበት ዓመት ስለ ጎተራ ምን ሊጽፍ እንዳሰበ እሱ ይወቀው። እኔ «ጠመደ»ን ያዝሁ።

የምጠይቃቸውን ሰዎች ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከተማሪዎቼ መካከል አያ ደምሌና አያ ይመር የሚባሉ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አያ ደምሌ ክርስቲያን ናቸው፣ አያ ይመር ሙስሊም። ከድርቁ በፊት ለየራሳቸው ጥማድ በሬ ነበራቸው። ድርቁ ከየቤታቸው አንዳንድ በሬ ወሰደና ለአያ ደምሌ ቦራ የሚባለው፣ ለአያ ይመር ዳልቻ የሚባለው ቀሩላቸው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ እንደ አገሩ ልማድ በመቀናጆ ተስማሙ፤ ሁለቱ በሬዎች ይጣመራሉ፣ ለሁለቱም ሰዎች በተራ ያርሳሉ።

መቀናጆ ወንድማማች ያጣላል። «ዛሬ የኔ ተራ ነው»፣ «በሬዬን አደከምህብኝ» እየተባባለ ሽማግሌ ፊት የማይቆም የለም። እነዚህን ሁለቱን ግን ያስማማቸው ሃይማኖታቸው ነው፤ መለያየቱ ማለቴ ነው። አያ ደምሌ በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለምና በእሁድ ዕርፍ አይጨብጡም። አያ ይመር በጁምዓ አያርሱም። በአያ ደምሌ በዓል ሁለቱን በሬዎች አያ ይመር ይወስዳሉ፤ በጁምዓ ደግሞ አያ ደምሌ ይነዷቸዋል። አንድም የሚባክን ቀን የለም። «ቦራ በማርያም ቀን ሲያርስ ኃጢአት አይሆንብዎትም?» ብዬ አያ ደምሌን ብጠይቃቸው «ቦራ ክርስትና አልተነሳ» አሉኝ። አያ ይመርም ከጎናቸው ሆነው «ዳልቻም ሲሰግድ አላየሁት» አሉ። በዚህ ስምምነት የተጎዱት በሬዎቹ ብቻ ነበሩ።

በዚያ ክረምት ግን ከበሬም ከበዓልም የባሰ ጉዳይ ነበር፤ ሰፈራ። ክረምቱ ገብቶ መሬቱን ማረስ ያቃተው ሰው ሩቅ አገር ለሰፈራ ይመዘገባል ተባለ። የገበሬ ማኅበሩ ኮሚቴ ማሳ ለማሳ እየዞረ የሚያይበት ቀንም ተቆረጠ፤ ሐምሌ ሃያ ሁለት ጠዋት። ሁለቱ ሰዎች የማን ማሳ ቀድሞ ይለቅ ብለው ዕጣ ተጣጣሉና ለአያ ደምሌ ወጣ። የእሳቸው ማሳ ታርሶ አለቀ። የአያ ይመር ተራ ሲደርስ ወባ ጣላቸው። አያ ደምሌ ሊያርሱላቸው ሲነሱ ደግሞ ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላስወጣ አለ። ዝናቡ ያቆመው ሐምሌ ሃያ አንድ ጠዋት ነው። ሃያ አንድ ማርያም ናት።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ በዚያን ዕለት ጠዋት ደብተሬን ይዤ ስለ «ጠመደ» ልጠይቅ ወደ አያ ይመር ቤት ሄድሁ። ባለቤታቸው እቴ ዘሀራ ከበር ላይ ቆመው ሰማዩን ያያሉ። አያ ይመር በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው ተኝተዋል፤ ከመንቀጥቀጣቸው የተነሳ አልጋው ይንቋቋል።

«እንዴት አደሩ፣ አያ ይመር?»

«አልሐምዱሊላህ። ትንሽ ብርድ ብጤ ነው እንጂ ደህና ነኝ።»

«ደህና ይላል» አሉ እቴ ዘሀራ። «ነገ ጠዋት ኮሚቴው ይመጣል። መሬቱም እንደተኛ ነው፣ እሱም እንደተኛ ነው።»

«የሚያርስላችሁ ሰው የለም?»

«ክርስቲያኑ ማርያም ነው። ከኛዎቹ በሬ ያለው በራሱ ማሳ ላይ ነው፣ የሌለውም ተመዝጋቢ ነው።»

አያ ይመር ጋቢውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉ። «በዚህ ወባ መኪና ላይ ከጫኑኝ የምደርስ አይመስለኝም፣ መምህር። መድረሱስ ይቅር። እነዚህን ሁለት ሴት ልጆች የማላውቀው አገር ላይ ለማን ጥዬ እሄዳለሁ?»

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን «አላህ ያሽርዎት» ብሎ ደብተሩን ይዞ ይወጣ ነበር። እኔ ግን ለአንድ ወር ያህል ቀንና ሌሊት ስለ ጥማድ ሳስብ ከርሜያለሁ። ቃሉን ከነሥሩ የማውቀውን ነገር በእጄ መሥራት ምን ይከብደኛል?

«እኔ አርሳለሁ» አልሁ።

አያ ይመር መንቀጥቀጡን ለጊዜው ተዉት። «ማረስ ታውቃለህ?»

«አባቴ ገበሬ ነበር» አልሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከመርፌ የከበደ ብረት ነክቶ አያውቅም።

ማሳው ከቤቱ በታች ነው። ልክ አንድ ጥማድ ይሆናል፤ የለመደ ሰው በአንድ ቀን የሚያርሰው። እቴ ዘሀራ በሬዎቹን አምጥተው አስረከቡኝና ለበሽተኛው አጥሚት ሊሰጡ ተመለሱ። እኔና ሁለቱ በሬዎች ብቻችንን ቀረን። ቀንበሩን አንስቼ ወደ ቦራ ስጠጋ ዳልቻ ይሄዳል። ዳልቻን ተከትዬ ሳመጣ ቦራ ድንበር ላይ ሣር ይግጣል። ከብዙ ልመና በኋላ (አዎ፣ ለምኛቸዋለሁ፣ በአንቱታ) ሁለቱም ቆሙልኝ። የአንገታቸውን ማነቆ አሰርሁ፣ ሞፈሩን ምራን በሚባለው የቆዳ ጠፍር ከቀንበሩ ጋር ጠፈርሁ፣ ጅራፉን አንስቼ አጮኻለሁ ብል የራሴን ጆሮ አገኘሁት። በሬዎቹ ዞረው አዩኝ። ቦራ ወደ ዳልቻ ይገፋል፣ ዳልቻ ወደ ቦራ ይገፋል፤ ቀንበሩ ተጣሞ ሁለቱ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጡ። ሸራ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። አንዱን አወጣሁ፤ ሌላውን መሬቱ ይዞት ቀረ።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለሁ አያ ደምሌ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዩኝ።

«ቦራ ቀኝ ነው፣ ዳልቻ ግራ ነው» አሉ ከሩቁ። «ማነው ያቀያየራቸው?»

በሬ የለመደው ጎን አለው፤ ግራውን ቀኝ ካደረጋችሁት አንድ እርምጃ አይሄድላችሁም። ይህ በየትኛውም የቃሉ ትርጉም ውስጥ አልተጻፈም። አያ ደምሌ ሊያስተካክሉ እጃቸውን ዘረጉ፤ ወዲያው ደግሞ ትዝ አላቸውና ሰበሰቡት፣ ሁለቱንም እጃቸውን ከኋላቸው አደረጉ።

«ይዩ፣ አያ ደምሌ፣ ነገ ኮሚቴው…»

«አውቃለሁ። ከመቅደሱ ደጅ ቆሜም ስለዚሁ ነው ስጸልይ የነበረው።» ድንበሩ ላይ ሄደው ተቀመጡ። «ማርያም የከለከለችው እጅን ነው። አፍን አልከለከለችም። ፍታቸው።»

ፈታኋቸው። ደግሞ ጠመድኋቸው። አያ ደምሌ እጃቸውን ከኋላቸው እንዳደረጉ በአፋቸው ብቻ አሳሰሩኝ፤ «ምራኑን አጥብቀው፣ እንደሱ አይደለም፣ ዕርፉን ተጫነው፣ አትታገለው፣ አይ ልጄ»። አንዳንዴ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ ትከሻቸው ብቻውን ያርሳል። የመጀመሪያውን ትልም አውጥቼ ስዞር አይተው «ይሄ የታረሰ ነው ወይስ እባብ የሄደበት?» አሉኝ። ሁለተኛው ተሻለ። ሦስተኛው ከዚያ ተሻለ። ፀሐይ ከፍ እያለች ስትሄድ በሬዎቹም ለመዱኝ መሰለኝ፣ ማሳው ከወዲህ በኩል መጥቆር ጀመረ። እቴ ዘሀራ ከቤቱ ወጥተው አዩና እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ወዲያው ሮጠው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ለአያ ይመር ሊነግሯቸው ነው።

«በዚሁ ከሄድህ» አሉ አያ ደምሌ፣ «ሳይመሽ ታደርሰዋለህ። ይመር ተረፈ።»

ያጠፋኝ ይህ ምስጋና ነው። ሰው ስድብ ሲያርመው አይቻለሁ፤ እኔን ምስጋና ሲያርመኝ ግን አላየሁም። ደረቴ ተነፋ። የገበሬን ሥራ ከያዝሁት አይቀር የመምህርን ሥራ ልጨምርበት አሰኘኝ።

«አያ ደምሌ፣ ጠመደ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ያውቃሉ?»

«ፊትህን ወደ በሬው አድርግ።»

«ግእዙ ጸመደ ነው። እንዲያውም ጽሙድ ሲባል…»

«ወደ በሬው አልሁህ፣ ልጄ።»

እኔ ግን ጽሙድን ሳላስረዳ መሄድ አልሆነልኝም። ወደ እሳቸው ዞሬ፣ አንድ እጄን ከዕርፉ አንስቼ እንደ ክፍል ውስጥ እያመላከትሁ ሳስረዳ ማረሻው ከድንጋይ ጋር ተላተመ። ዕርፉ ከእጄ አመለጠ። ማረሻው ከአፈሩ ዘልሎ ወጣና የዳልቻን የኋላ እግር ቋንጃው ላይ ቆረጠው።

በሬ እንደ ሰው አይጮኽም። ዳልቻ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆዱ አጓራና በዚያው እግሩ ተቀመጠ፤ ቀንበሩ ቦራንም አንገቱን ይዞ አጎነበሰው። አያ ደምሌ ከድንበሩ መቼ እንደተነሱ አላየሁም። ማርያምን የተሳለሙበትን ነጭ ነጠላ ከትከሻቸው ገፈው እግሩን ጠቀለሉት፤ ነጠላው ወዲያው ቀላ። ማነቆውን ፈቱ፣ ቦራን አወጡት፣ ቁስሉን በጣታቸው ዳሰሱት። ቋንጃው የተቆረጠ በሬ ዳግመኛ ቀንበር አይሸከምም። ይህን እኔም አወቅሁት፤ የነገረኝ ግን የለም፣ ከፊታቸው አየሁት።

እንዲሰድቡኝ ጠበቅሁ። አያ ደምሌ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ። ከዚያ «ይቅር በይኝ፣ እመቤቴ» አሉና ወደ አያ ይመር ግቢ ሄደው ዶማ ይዘው ተመለሱ። ዕድሜ ልካቸውን በማርያም ቀን እንጨት እንኳ ያልፈለጡ ሰው ዶማውን አነሱና መሬቱን መቱት። ደግመው መቱት። እኔም ሌላ ዶማ ፈልጌ ከጎናቸው ገባሁ፤ እቴ ዘሀራና ሁለቱ ልጆቻቸውም መጡ። በማርያም ቀን አንድ ክርስቲያን ገበሬ ሲቆፍር ያዩ መንገደኞች ቆም እያሉ አማትበው አለፉ። አያ ደምሌ ቀና ብለው አላዩአቸውም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆፈርን። እጄ ተላልጦ ደም ሲወጣ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ ብሎኛል። ቀና ብለን ስናይ ግን የቆፈርነው ከአንድ አውድማ አይበልጥም ነበር።

ወደ አያ ይመር ገባሁ። ትኩሳቱ በረድ ብሎላቸው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«አያ ይመር፣ ዳልቻን ቆረጥሁት።»

«ሰማሁ።»

«አባቴም ገበሬ አልነበረም።»

«እሱንስ ጠዋት አውቄዋለሁ። የገበሬ ልጅ ቀንበር ሲያነሳ እንዲያ አድርጎ አይይዘውም፤ በበሩ ሳየህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ሌላ ማን መጣልኝ፣ ልጄ?» አሉ፤ ከዚያም ዳልቻ ውኃ ጠጥቶ እንደሆነ ልጃቸውን ጠየቋት።

በማግስቱ ኮሚቴው መጣ። አያ ደምሌ ከሁሉም ቀድመው የታረሰውን የራሳቸውን ማሳ አሳዩና «ከዚህ እኩሌታው የይመር ነው» አሉ። ሰብሳቢው መዝገቡን ገልጦ ሁሉም በእሳቸው ስም መሆኑን ነገራቸው። «ስሙን ለውጡታ» አሉ አያ ደምሌ። አልተለወጠም። ቀጥሎ እኔ ያወጣኋቸውን ጥቂት ትልሞችና የቆፈርነውን አሳየን፤ ሰብሳቢው በቡትስ ጫማው ጫፍ አፈሩን ነካ ነካ አደረገና «ይሄ የጎመን መደብ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ መሀል ገብቼ በሬውን የጎዳሁት እኔ ነኝ፣ ሰውየው ታመው ነው፣ ቅጣቱም ለኔ ይሁን ብዬ ለፈለፍሁ። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞታል። «ጓድ መምህር» አለኝ፣ «እኛ ጥፋተኛ አልፈለግንም። ዝርዝር ነው የምንሠራው።» ከዚያ «አያ ይመር፤ ጥማድ የለውም፤ መሬቱ አልታረሰም» ተብሎ ተጻፈ።

መጥፎው ነገር በዚህ አላበቃም። የኮሚቴው ጸሐፊ እጅ ጽሑፍ እንደ ዶሮ ጭረት ስለሆነ ዝርዝሩን ለሕዝብ በሚለጠፍ ትልቅ ወረቀት ላይ እንድገለብጥ ታዘዝሁ። በሰፈሩ ውስጥ ቆንጆ የሚጽፍ እኔ ብቻ ነበርሁ። እየገለበጥሁ አያ ይመር ዘንድ ስደርስ ዘለልኋቸው። ይህን ያደረግሁት በብልሃት መስሎኝ ነበር። ሰብሳቢው ወረቀቱን ተቀብሎ በጣቱ እየነካ ቆጠረና «አንድ ሰው ጎድሏል» ብሎ መለሰልኝ። ከመጨረሻው መሥመር ጻፍኋቸው። እጄ ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ምናልባት ዛሬ ትንሽ ይቀለኝ ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። ፊደሉ ሁሉ እኩል፣ አንገቱ የቀና፣ ጥርት ያለ ሆነ።

ወልድያ ስብሰባው ላይ «ጠመደ»ን አላነበብሁም። አሞኛል ብዬ ቀረሁ፤ ውሸትም አልነበረም። አያ ይመርንና ቤተሰባቸውን በጥቅምት መኪና መጥቶ ከመርሳ ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲህ የደረሱበትን የሚያውቅ ሰው ብጠይቅም አላገኘሁም። ዳልቻን አያ ደምሌ ወሰዱት፤ ጎረቤት «እረደው እንጂ ምን ይሠራልሃል» ቢላቸው ሣር አጭደው ያቀርቡለታል።

ለኔ ግን መኪናው የመጣበት ቀን አይደለም የሚመጣብኝ። ዝርዝሩ የተለጠፈበት ቀን ነው።

ወረቀቱ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፎ ሰው ከብቦታል። ማንበብ የማይችለው «የኔ ስም አለበት?» እያለ የሚችለውን ይጎትታል። አንብብልን እንዳይሉኝ ከሰው ጀርባ ተደብቄ ቆሜ ነበር። አያ ይመር በምርኩዝ እየተደገፉ መጡ፤ ወባው ሥጋቸውን ጨርሶት ነበር። ማንንም አልጠየቁም። ወደ በሩ ተጠጉና ሌባ ጣታቸውን ከላይኛው መሥመር ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ታች አወረዱ። ዛፉ ሥር በተማሩበት ክረምት ሙሉ፣ አጠገባቸው ሆኜ ሳላቀብላቸው አንድ ቃል አንብበው አያውቁም። ጣታቸው መጨረሻው መሥመር ላይ ቆመ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ይ… መ… ር።»

ዞር ብለው በሰው መሀል ፈለጉኝ፤ አገኙኝም። ፊታቸው በርቶ ነበር።

«መምህር፣ ማንም ሳያግዘኝ አነበብሁት» አሉኝ።

«ጎበዝ፣ አያ ይመር» አልኋቸው።